«ሮማን ሆሊዴይ»ን ተከትሎ ሮምን መዞር፦ በእግር፣ በቬስፓ፣ በአስጎብኚ ወይስ በአውቶቡስ?

እህቴ ጀላቲዋን ይዛ የስፔን ደረጃዎች ላይ ገና ቁጭ ከማለቷ ፊሽካ ተነፋ። «እኔን ነው?» ብላ ዞረች። እሷን ነበር። ከ2019 ወዲህ እነዚያ 135 ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ቅጣቱም ከ250 እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። የፊልሙ ልዕልት አን እዚያው ጀላቲዋን ስትበላ የምትታይበትን ትዕይንት እንደግማለን ብለን ወራት ስናልም ከርመን ህልማችን ሠላሳ ሰከንድ አልሞላም። ደግነቱ ቅጣት አልጻፉባትም፤ ጀላቲውን ቆማ ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ተመልሼ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ግማሹ ሰልፍና ብስጭት ነበር፤ ሁለተኛውን ግን እስከ ዛሬ አወራለታለሁ። ከተማውም ፊልሙም አንድ ናቸው፤ የተለየው አካሄዴ ነው። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው በዋናነት አካሄዶቹን ነው፤ የትኞቹን ቦታዎች አይቶ የትኞቹን መተው እንደሚሻል ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። (ሌላ ካላልኩ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙን ላላያችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። «ሮማን ሆሊዴይ»ን ዊልያም ዋይለር በ1952 ሰመር ሮም ላይ ቀርጾት በ1953 ለእይታ በቃ፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ፕሮቶኮል ያንገሸገሻት ልዕልት (ኦድሪ ሄፕበርን) በሌሊት ከኤምባሲዋ ሾልካ ትጠፋለች። ጋዜጠኛው ጆ (ግሪጎሪ ፔክ) መንገድ ላይ ተኝታ ያገኛታል፤ ማን እንደሆነች ሲያውቅ ዜና ሊሠራባት ያስብና አብሯት ሲዞር ይውላል። ሄፕበርን በዚህ ፊልም ኦስካር ወስዳለች። ለጉዟችን የሚጠቅመን ግን ሌላ ነገር ነው፦ ፊልሙ በሙሉ ሮም ውስጥ መቀረጹን መግቢያ ጽሑፉ ራሱ ይናገራል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የ1960ውን «ላ ዶልቼ ቪታ» የሚወድ ሰው ቪያ ቬኔቶ ሄዶ ፊልሙ ውስጥ ያየውን ጎዳና ቢፈልግ አያገኘውም፤ ዳይሬክተሩ ፌሊኒ ጎዳናውን ቺኔቺታ ስቱዲዮ ውስጥ አሠርቶ ነው አብዛኛውን የቀረጸው። የምትወዱት ፊልም የትኛውም ይሁን፣ የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቦታው እውነተኛ ከተማ ይሁን ወይስ የስቱዲዮ እንጨት አጣሩ።

መጀመሪያ ካርታው

ልዕልቷ በዋለችበት ቅደም ተከተል ልሂድ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል። የፊልሙ ቀን የተገጣጠመው የፊልም ማቀናበሪያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከተማው ያንን ቅደም ተከተል አያውቀውም። ካርታው ላይ ስታዩት ባርቤሪኒ፣ ትሬቪ፣ ኮሎና፣ የስፔን ደረጃዎች፣ ቪያ ማርጉታና ፓንቴዮን እርስ በርስ የተጠጋጉ ናቸው። የሚርቁት ሁለት ናቸው፦ ከቴቬሬ ወንዝ ማዶ ያለው የካስቴል ሳንታንጄሎ ምሽግ፣ ከከተማው እምብርት ወደ ደቡብ ያለው «የእውነት አፍ» የተባለው የድንጋይ ፊት። የመጓጓዣ ምርጫችሁ የሚወሰነው በእነዚህ ሁለቱ ነው።

በእግር

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ያለውና ጉልበቱ የማያስቸግረው ሰው በእግሩ ይሂድ። ከባርቤሪኒ ቤተ መንግሥት (በፊልሙ ልዕልቷ ያረፈችበት ኤምባሲ በር የሚታየው እዚህ ነው) እስከ ትሬቪ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ከትሬቪ ስፔን ደረጃዎች ሌላ አሥር፣ ከዚያ ቪያ ማርጉታ አምስት። ቡና ጠጥታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ መንገድ ስታችሁ እንኳ በግማሽ ቀን ታዳርሱታላችሁ።

ሚስጥሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ሁለተኛውን ጉዞ ያሳመረልኝ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ትሬቪ መድረሴ ነው (በእኛው አቆጣጠር፤ ጣልያኖቹ 6 ይሉታል)። አንድ መንገድ ጠራጊ፣ ሁለት ሙሽሮች ከነፎቶ አንሺያቸው፣ እኔ፤ በቃ። ፊት ለፊት ስትቆሙ የውኃው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማችሁ። ረፈድ ሲል ሌላ ዓለም ነው። ፏፏቴው በ2024 መጨረሻ ጽዳቱ አልቆ ሲከፈት በአንድ ጊዜ ወደ ገንዳው የሚጠጉት ሰዎች ከ400 እንዳይበልጡ ተወስኗል፤ ስለዚህ ቀን ላይ ከሄዳችሁ ሰልፍ አለ። ልዕልቷ ጸጉሯን የተቆረጠችበት ፀጉር ቤት በፏፏቴው ጎን ቪያ ዴላ ስታምፔሪያ ላይ ነበር። ዛሬ ፀጉር ቤት አይደለም፤ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ወደ ፏፏቴው ማየት ግን ነፃ ነው። ጆ ከአንዲት የትምህርት ቤት ልጅ ካሜራ ሊዋስ ሲታገል የሚያስቀን እዚሁ ፏፏቴ ዳር ነው።

ከዚያ ወደ ስፔን ደረጃዎች። መቀመጥ ባይቻልም መቆም፣ መውጣት፣ መውረድ ይቻላል። በጠዋት ከላይ ከትሪኒታ ዴይ ሞንቲ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወርዳችሁ ብትመጡ ይሻላል፤ ልዕልቷ የተቀመጠችበትን አቅጣጫ የምታገኙት እንደዚያ ነው። ፊልሙን ደግማችሁ ስታዩ ከጀርባዋ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ሰዓት ልብ በሉ፤ ባንዲት አጭር ጨዋታ ውስጥ ወዲህና ወዲያ ይዘላል። ያቺ ጀላቲ ስንቴ ተገዝታ ይሆን?

ቪያ ማርጉታ ቁጥር 51 የጆ መኖሪያ ነው። ዛሬም ሰው የሚኖርበት ግቢ ነውና በሩ ክፍት ሆኖ ካገኛችሁት ከደጅ ሆናችሁ ግቢውን እዩ፤ ደረጃውን አትውጡ። እውነቱን ለመናገር የሮምን ጉዞ ከጀመርኩ ጀምሮ ልቤን የነካኝ የመጀመሪያው ቦታ ይህ ነው። ጎዳናው ጸጥ ያለ ነው፤ ሐረግ የወጣባቸው ግድግዳዎች፣ የሥዕል መሸጫዎች፣ መኪና የለም ማለት ይቻላል። ፌሊኒም እዚሁ ጎዳና ላይ ቁጥር 110 ይኖር ነበር።

የእግር ጉዞው ጉዳት ሁለት ነው። አንደኛው ድንጋዩ፦ ሮማውያን ሳምፒየትሪኒ የሚሉት ጥቁር ድንጋይ የእኛን ኮብልስቶን ይመስላል፤ ግን ጫፉ በጊዜ ብዛት ተሞርዶ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ተረከዝ ያለው ጫማ ቤት ይቅር። ሁለተኛው ሙቀቱ፦ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከ35 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጎዳናው ላይ ናሶኒ የሚሏቸው ትናንሽ የብረት ቧንቧዎች ሞልተዋል፣ ሌት ተቀን የሚጠጣ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈስሳቸዋል። ባዶ ጠርሙስ ያዙ፣ ውኃ አትግዙ።

በቬስፓ

ፊልሙን ያየ ሁሉ የሚመኘው ይህን ነው፤ እኛ ቤት ግን ጠብ ያስነሳው እሱ ነው። እህቴ ያለ ቬስፓ «ሮማን ሆሊዴይ» የለም ባይ ናት። እኔ ደግሞ መሪ የጨበጠ ሰው ከተማውን አያይም እላለሁ። ዓይኑ ከፊቱ ካለው ታክሲ፣ ከጎኑ ከሚያልፈው አውቶቡስ፣ ከድንጋዩ ላይ አይነሳም። ፊልሙ ላይ ልዕልቷ መሪውን ነጥቃ ስትነዳ መጨረሻቸው ፖሊስ ጣቢያ እንደነበረ አትርሱ፤ እሱም በ1952 ትራፊክ!

ሕጉን ደግሞ አስቡበት። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በወጣ መንጃ ፈቃድ የሚነዳ ሰው ዓለም አቀፍ ፈቃድ ወይም ሕጋዊ ትርጉም አብሮ መያዝ አለበት። የመኪና ፈቃድ ብቻ ያለው ሰውም ያሻውን ቬስፓ ተከራይቶ መሄድ አይችልም፤ ጉልበቱ ከፍ ላለው የሞተር ብስክሌት ፈቃድ ይጠየቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ነድቶ የማያውቅ ሰው ልምምዱን ፒያሳ ቬኔዚያ ላይ መጀመር የለበትም።

መሃከለኛው መንገድ አሽከርካሪ ያለው ቬስፓ ነው፤ እናንተ ከኋላ ትቀመጣላችሁ፣ ሮማዊው ይነዳል። ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ ይወደዳል። እህቴ ገንዘቧን ከፍላ ምሽት ላይ አንድ ዙር ሄደች፣ እኔ በእግሬ ተከተልኩ (ተከተልኩ ማለት ቀረሁ ማለት ነው)። ተመልሳ ስትወርድ ፊቷን ላየ ሰው ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ፤ አሸነፈችኝ። ስለዚህ ምክሬ፦ ቦታ ለመጎብኘት ቬስፓን አትምረጡ፣ ስሜቱን ለማግኘት ከሆነ ግን አንድ ሰዓት ይበቃል። ከተቻለም ሁለቱን ራቅ ያሉ ቦታዎች በዚያው አዳርሱባት።

ከአስጎብኚ ጋር

ይህን ስመዝን ቂም አለብኝና አስቀድሜ ልናገር። በመጀመሪያው ጉዞ የከፈልነው የቡድን ጉብኝት በነፃ የሚገባባቸውን አምስት አደባባዮች አሳይቶን ስለ ፊልሙ የነገረን ግን ከፖስተሩ ጀርባ የሚነበበውን ያህል ነበር። ጥሩ አስጎብኚ የለም ማለቴ አይደለም፤ ጥሩው አስጎብኚ የሚያውቀው ነገር መጽሐፍ ላይ የለም። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የኮሎና ቤተ መንግሥት (የፊልሙ መጨረሻ የተቀረጸበት) መግቢያ በዋጋው ውስጥ አለ? ቡድኑ ስንት ሰው ነው? ፊልሙን የምታሳዩን በምስል ነው ወይስ በወሬ? ታብሌት ይዞ እያንዳንዱን ትዕይንት ቦታው ላይ ቆሞ የሚያሳይ አስጎብኚ ካገኛችሁ ያዙት። ካላገኛችሁ ፊልሙን ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ይህንኑ ራሳችሁ አድርጉት፤ እኔ በሁለተኛው ጉዞ ያደረግኩት ይህንን ነው።

በሜትሮና በአውቶቡስ

እናት አባት ይዞ ወይም ልጅ አዝሎ ለሚሄድ ሰው የሚያዋጣው ይህ ነው። መደበኛው ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፣ 100 ደቂቃ ያገለግላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አውቶቡስ እንዳሻችሁ ትቀያይራላችሁ፣ ሜትሮ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። የሜትሮው «ኤ» መስመር ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ሬፑብሊካ፣ ባርቤሪኒ፣ ስፓኛ ይላል፤ ሁለቱ የፊልሙ ቦታዎች ደጃፍ ላይ ያወርዳችኋል። «ቢ» መስመር ደግሞ ኮሎሲየምና ሲርኮ ማሲሞ ያደርሳል። ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያስገባል፤ 14 ዩሮ ነው።

ጣሪያ የሌለውን ባለ ሁለት ፎቅ የቱሪስት አውቶቡስ ግን ለዚህ ዓላማ አልመክርም። ወደ ትሬቪና ፓንቴዮን የሚያስገቡት ጎዳናዎች ጠባብ ናቸው፣ እሱ አይገባባቸውም፤ ትልቁ መንገድ ላይ ያወርዳችሁና የቀረውን በእግር ትሄዳላችሁ።

የአዲስ አበባ ልጅ እዚህ ላይ አንድ ትርፍ አለው፦ አውቶቡሱ ውስጥ የተጻፈው ሲነበብ ግማሹ የራሱ ቋንቋ ነው። ፌርማታ ፌርማታ ነው፣ ፒያሳ ፒያሳ ነው። ማኪያቶ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ማኪያቶ ብትሉ የሚሰጧችሁ የቡና ጠብታ በትንሽ ስኒ፣ ላዩ ላይ የወተት ምልክት ነው። የኛን ዓይነት የፈለገ ካፑቺኖ ይዘዝ። ደግሞም ቆሞ መጠጣት ተቀምጦ ከመጠጣት ይረክሳል፤ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ ሁለቱም ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ጊዜ ካጠረ፣ የቱን ልይ? የቱን ልተው?

ቅዳሜ ሮም ውስጥ ከሆናችሁ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ኮሎና ቤተ መንግሥት ግቡ። የፊልሙ የመጨረሻ ትዕይንት፣ ልዕልቷ ጋዜጠኞቹን ተራ በተራ የምትጨብጥበት፣ ጆም ባዶ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን የሚራመድበት፣ የተቀረጸው እዚያ ታላቁ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቤቱ የግል ስለሆነ ሁልጊዜ አይከፈትም፤ ዋናው የጉብኝት ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓቱን አረጋግጡ። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የደበቀውን ወርቅና ጣሪያ በቀለም ስታዩት ሌላ ፊልም ነው። አዳራሹ ደረጃ ላይ በ1849 ከበባ ወቅት የወደቀ የመድፍ አረር እስከ ዛሬ ሳያነሱት አለ፤ እሱን ፈልጉ። የዚያ ረጅም ወለል ጫፍ ላይ ቆሜ የግሪጎሪ ፔክን የጫማ ድምፅ ሰምቻለሁ ብል ትስቁብኛላችሁ።

«የእውነት አፍ» ግን አከራካሪ ነው። ሳንታ ማሪያ ኢን ኮስሜዲን ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ላይ የተገጠመ፣ የሰው ፊት የተቀረጸበት ትልቅ የእብነ በረድ ክብ ድንጋይ ነው፤ ውሸታም እጁን ቢያስገባ ይቆርጠዋል ይባላል። ፔክ እጁን እጅጌው ውስጥ ደብቆ ሲያወጣው የሄፕበርን ጩኸት እውነተኛ ነው፤ አስቀድሞ አልነገራትም ነበርና። ቦታው ላይ ግን ሰልፍ አለ፣ ፎቶው ሰከንድ ነው፣ ቀጥሎ ያለው ሰው ጀርባችሁ ላይ ቆሟል። ሰልፉ መንገዱን ከያዘ በብረት አጥሩ በኩል ከውጭ አዩትና እለፉ፤ ከውጭም በደንብ ይታያል።

ፓንቴዮን ፊት ለፊት ልዕልቷ፣ ጆና ፎቶ አንሺው ጓደኛው የተቀመጡበት ካፌ ዛሬ የለም። አደባባዩ ግን አለ፣ ነፃ ነው፤ ሕንፃው ውስጥ ለመግባት ከ2023 ጀምሮ 5 ዩሮ ይከፈላል። ካስቴል ሳንታንጄሎ ሥር የነበረችው የዳንስ ጀልባም የለችም፤ ልዕልቷ ሊወስዷት ከመጡት ሰዎች አንዱን በጊታር ራሱን ስትለው የሳቃችሁበትን ቦታ ለማሰብ ጀምበር ስትጠልቅ ድልድዩ ላይ መቆም ይበቃል። ጊዜ ያጠረው ሰው ካስቴሉን ይተወው።

ለእኛ ብቻ የሚሆን ሌላ መንገድ

ጆ ልዕልቷን ተኝታ ያገኘባት ከሴፕቲሚየስ ሴቬሩስ ቅስት አጠገብ ነው። ያንን ቅስት ያለ ትኬት ለማየት የሚመቸው ከላይ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ነው። እዚያ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ከእግራችሁ ሥር ሌላ ታሪክም እንዳለ አስታውሱ። ፊልሙ ከተቀረጸ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ የማራቶን ሩጫውን የጀመረው ከካምፒዶሊዮ ነው። ሮሞሎ ማርቼሊኒ ያንን ኦሎምፒክ የቀረጸበት ዘጋቢ ፊልም አለ፤ በጨለማ፣ በችቦ መሃል፣ በባዶ እግር የሚሮጥ ሰው። ቀረጻው በ1976ቱ «ማራቶን ማን» ውስጥም ገብቷል። ስለዚህ ሮም ውስጥ የፊልም ቦታ የሚፈልግ ሐበሻ አንድ ሳይሆን ሁለት ፊልም አለው፤ መንገዳቸውም ይገናኛል።

ከ«እውነት አፍ» ተነስታችሁ የጥንቱን የሠረገላ ሜዳ ሲርኮ ማሲሞን በቀኝ እያደረጋችሁ ሩብ ሰዓት ገደማ ብትራመዱ ፖርታ ካፔና አደባባይ ትደርሳላችሁ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር፣ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንፃ ፊት። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው ሲያዩት ሐውልቱን የመነጠያ ምልክት አድርገውት እንደነበር ይነገራል፤ ከሞሮኮው ራዲ ተነጥሎ የወጣውም በመጨረሻው ርቀት ላይ ነው። ሐውልቱ በ2005 አክሱም ገብቶ በ2008 ተተከለ። ዛሬ ቦታው ላይ የምታዩዋቸው ሁለት ትናንሽ ዓምዶች ለመስከረም 11 ጥቃት ሰለባዎች የተሠሩ መታሰቢያዎች ናቸው፤ የእኛ መስሏችሁ ፎቶ እንዳትነሱ። እኔ ተነስቻለሁ።

ከዚያ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮን ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ፊታችሁ ላይ የኮንስታንቲን ቅስት አለ፣ ከጀርባው ኮሎሲየም። አበበ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ብሎ የገባው እዚያ ነው፤ ራዲ ደግሞ 25 ሰከንድ ቆይቶ። ከቬስፓም ከአስጎብኚም ይህቺን ቀጥ ያለች መንገድ አስበልጣለሁ፤ ሰልፍ የላትም፣ ክፍያ የላትም፣ ፊሽካም የላትም።

ማደሪያችሁ ተርሚኒ አካባቢ ከሆነ ከኮሎሲየም በ«ቢ» መስመር ሁለተኛው ፌርማታ ነው። ስትወጡ የምታገኙት ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኳቼንቶ፣ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የጣልያን ወታደሮች የተሰጠ ስም ነው። እንጀራ የሚያወጡት የሐበሻ ምግብ ቤቶችም ከዚያው አይርቁም።